ፎልደር ወይስ ታግ? ስልካችን ውስጥ ያስቀመጥነውን መልሰን ስለማግኘት

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዷ ከአከራይዋ ጋር ተጋጨች። ሴትየዋ «የሐምሌ ኪራይ አልደረሰኝም» አሉ። እሷ ግን ከፍላለች፤ በስልኳ ነው የላከችው። ችግሩ ገንዘቡ የገባው በልጃቸው አካውንት ነው። «ወደ እሱ ላኪው» ያሏት ራሳቸው ናቸው፣ ግን ያንን በቃል ነው ያሉት። ባንክ ሄዳ ያወጣችው የሂሳብ መግለጫ የልጁን ስምና የብሩን መጠን ብቻ ነው የሚያሳየው። «የሐምሌ ኪራይ» የሚለው ምክንያት ተጽፎ የሚገኘው ስትልክ በወጣላት ደረሰኝ ላይ ነው። ደረሰኙ የት አለ? ስልኳ ውስጥ። ስልኳ ውስጥ የት?

ሁለት ማታ ሙሉ ጋለሪዋን ወደ ላይ ስትገፋ አመሸች። ከአራት ሺህ በላይ ስክሪንሾት አላት። የሰርግ ካርድ፣ የጫማ ዋጋ፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ ከተጣላችው ልጅ ጋር የተጻጻፈችው፣ ያልተጠቀመችበት የአሠራር መመሪያ። ደረሰኙ የለም። በሦስተኛው ቀን ተገኘ፤ መጀመሪያውኑ ጋለሪ ውስጥ አልነበረም። አፑ ደረሰኙን ያወረደው በፎቶ ሳይሆን በፒዲኤፍ ነው። ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ፣ ስሙ ረጅም ቁጥር ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ሁለት ማታ ሙሉ ፎቶ ስትፈልግ የነበረው ፎቶ ያልሆነ ነገር ነው።

ይህ የእሷ ብቻ ችግር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። ማስረጃው ከወረቀት ወደ ስልክ እየገባ ነው ማለት ነው። ፋይዳውም፣ የትምህርት ማስረጃውም፣ የሥራ ልምዱም እንደዚያው። ወረቀት በነበረበት ጊዜ እናቶቻችን በፌስታል ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ይከቱት ነበር፣ እሳት ካልነካው በቀር አይጠፋም። እኛ ደግሞ ሁሉን ነገር አስቀምጠን ምንም ነገር የማናገኝ ሆነናል።

ፋይሎችን ለማደራጀት ሁለት ዋና መንገዶች አሉ፤ አንዱ ፎልደር፣ ሌላው ታግ። ሦስተኛው «ምንም አላደራጅም፣ ሰርች አደርጋለሁ» የሚለው ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን፤ ምክንያቱም በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ሰርች ራሱን የቻለ ጣጣ አለው።

መዝገብ ቤቱ

ቀበሌ ወይም ወረዳ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ፎልደርን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። መዝገብ ቤት ማለት መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ፋይል፣ ፋይሉ ውስጥ ወረቀት። እያንዳንዱ ወረቀት ያለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። አንድ ሠራተኛ ፋይሉን ለጉዳይ አውጥቶ ሌላ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ከተወው «ፋይሉ ጠፍቷል» ትባላላችሁ። አልጠፋም እኮ! ሕንፃው ውስጥ ነው ያለው። መሆን የሚገባው ቦታ ላይ ስለሌለ ብቻ እንደጠፋ ይቆጠራል።

ኮምፒውተሮች ይህን አሠራር የወረሱት ከቢሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮበርት ዴሊ እና ፒተር ኖይማን የተባሉ ባለሙያዎች መልቲክስ ለተባለው ሥርዓት ፋይሎች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገቡበትን አደረጃጀት በጽሑፍ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዜሮክስ ኩባንያ ስታር የተባለውን ኮምፒውተሩን ሲያወጣ ስክሪኑ ላይ የወረቀት፣ የፎልደርና የመሳቢያ ሥዕል አደረገበት፤ ገዢዎቹ የቢሮ ሰዎች ስለነበሩ የሚያውቁትን ነገር ነው ያሳያቸው። ቀደም ሲል «ዳይሬክተሪ» ይባል የነበረው ነገር በማይክሮሶፍት በኩል «ፎልደር» ተብሎ ቤት ለቤት የገባው ደግሞ በዊንዶውስ 95 ነው። ዛሬ አንድሮይድ ስልካችሁ ውስጥ ያሉት ዳውንሎድ፣ ፒክቸርስ እና የካሜራው ዲሲአይኤም የዚያ ዛፍ ልጆች ናቸው።

ፎልደር ጥሩ የሚሆነው አእምሯችን ቦታ ማስታወስ ስለሚችል ነው። ማታ መብራት ቢጠፋ ክብሪቱ የት እንዳለ በዳበሳ ታገኙታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የሰዎችን አእምሮ በመቃኛ መሣሪያ ሲያይ፣ ፎልደር ከፍቶ ወደ ውስጥ መግባት በእውነተኛው ዓለም መንገድ ስንፈልግ የሚሠሩትን የአእምሮ ክፍሎች እንደሚያሠራ አግኝቷል። በቃል ሰርች ማድረግ ግን ከቋንቋ ጋር የተያያዙትን ክፍሎች ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ ፎልደር ስትከፍቱ አእምሯችሁ ሌላ ሐሳብ መያዝ ይችላል፤ ሰርች ስታደርጉ ግን ቃሉን መፈለግ ራሱ ሥራ ነው።

ድክመቱ ደግሞ ያው የመዝገብ ቤቱ ድክመት ነው። የሐምሌ ኪራይ ደረሰኝ «ቤት» የሚለው ፎልደር ውስጥ ይግባ ወይስ «ባንክ»? የእህታችሁ የምረቃ ፎቶ «ቤተሰብ» ነው ወይስ «ዩኒቨርሲቲ»? አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከስድስት ወር በኋላ የምትፈልጉት «እናንተ» ያኔ ካስቀመጣችሁት «እናንተ» ጋር በምርጫው ካልተስማማችሁ ነው። ኮፒ አድርጋችሁ ሁለቱም ጋ ብታስቀምጡ ቦታ ይበላል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ አንዱን አስተካክላችሁ ሌላውን ስትረሱ የቱ ትክክለኛው እንደሆነ አለማወቃችሁ ነው። ሲቪ ያላችሁ ሰዎች የምንለው ይገባችኋል። «ሲቪ»፣ «ሲቪ አዲስ»፣ «ሲቪ የመጨረሻ»፣ «ሲቪ የመጨረሻ 2»።

ታግስ?

ታግ ማለት ነገሩን ከቦታው ሳታንቀሳቅሱ የምትለጥፉበት ምልክት ነው። ያው ደረሰኝ ላይ #ኪራይ፣ #ሐምሌ፣ #ደረሰኝ ብትሉበት በሦስቱም በኩል ይገኛል፤ ፋይሉ ግን አንድ ነው። «ቤት ወይስ ባንክ» የሚለው ጥያቄ ቀረ።

ይህ አሠራር ኢንተርኔት ላይ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ2003 በኋላ ነው። ጆሹዋ ሻክተር የሠራው ዴሊሸስ የተባለ ድረ ገጽ ሰዎች የወደዱትን ሊንክ በፈለጉት ቃል ምልክት እያደረጉ እንዲያስቀምጡ ፈቀደ፤ በዓመቱ ፍሊከር ለፎቶ ያንኑ አደረገ። ጂሜይልም በኤፕሪል 1 ቀን 2004 ሲጀምር ፎልደር አልነበረውም፤ «ሌብል» ነው ያለው፣ አንድ ኢሜይል ብዙ ሌብል መያዝ ይችላል። ሁላችንም የምናውቀው ሃሽታግ ደግሞ በኦገስት 23 ቀን 2007 ክሪስ ሜሲና የተባለ ሰው ትዊተር ላይ ባቀረበው ሐሳብ ነው የተጀመረው።

ታዲያ ታግ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ሰው ሁሉ ለምን አይጠቀምበትም? ኦፈር በርግማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ሁለቱንም መጠቀም የሚችሉ ሰዎችን ሲያዩ፣ አብዛኛው ሰው ፎልደርን ነው የመረጠው። ጂሜይል ላይ እንኳን ሰዎች ለአንድ ኢሜይል ብዙ ሌብል የመስጠት ዕድሉን እምብዛም አልተጠቀሙበትም። ሌብሉን እንደ ፎልደር ያዙት፣ በቃ። ጉግል ራሱም በሌላ በኩል ወደኋላ ሄዷል፦ ጉግል ድራይቭ ላይ አንድ ፋይል ብዙ ፎልደር ውስጥ በአንድ ጊዜ መሆን ይችል ነበር፤ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2020 ጀምሮ ግን አንድ ፋይል አንድ ቦታ ሆነ፣ ለሌላው ቦታ «ሾርትከት» መፍጠር ነው የሚቻለው።

ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ፎልደር አንድ ጊዜ ብቻ ያስወስናችኋል። ታግ ግን በእያንዳንዱ ፋይል ላይ «ምን ምን ልበለው?» ያሰኛችኋል፣ ያውም ታክሲ ውስጥ ቆማችሁ፣ በአንድ እጅ። ሦስት ቀን ትለጥፉና በአራተኛው ትተዉታላችሁ። ግማሹ ታግ ያለው፣ ግማሹ የሌለው ስብስብ ደግሞ ከምንም የባሰ ነው፤ ታጉን ነክታችሁ ካላገኛችሁት «የለም» ብላችሁ ትተዋላችሁና።

ስሙን አትመኑ

ስልካችን ላይ ፎልደር የሚባለው ሁሉ ፎልደር አይደለም፣ አልበም የሚባለውም እንደ ስልኩ ይለያያል። ሰው ፋይሉን የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ እንቆይ።

ቴሌግራም በማርች 2020 ያመጣው የቻት ፎልደር በእውነቱ ታግ ነው። አንድ ግሩፕ «ሥራ» ውስጥም «ጓደኞች» ውስጥም መሆን ይችላል፤ ፎልደሩን ብታጠፉት ቻቶቹ አይጠፉም። ፕሪሚየም ያልገዛ ሰው 10 ፎልደር ድረስ መፍጠር ይችላል፣ ለብዙዎቻችን ይበቃል። እዚያው ቴሌግራም ላይ ሴቭድ ሜሴጅስ የሚለው አለ፣ የአብዛኞቻችን መጋዘን። እ.ኤ.አ. በ2024 ለዚህ ክፍል በኢሞጂ የሚሠራ ታግ ተጨምሮለታል፣ ግን ለፕሪሚየም ተጠቃሚዎች ነው። ነፃው መንገድ ሃሽታግ ነው፤ ከፎቶው ሥር #ደረሰኝ ብላችሁ ብትጽፉ፣ በኋላ ቃሉን ስትነኩት በዚያ ታግ ያሉት ሁሉ ይሰበሰባሉ። ከሌላ ሰው ፎርዋርድ ያደረጋችሁት ከሆነ ጽሑፉን ማስተካከል ስለማይቻል ሪፕላይ አድርጋችሁ ታጉን ጻፉበት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ቴሌግራም ላይ የከፈታችሁት ፒዲኤፍ ስልካችሁ ፎልደር ውስጥ ገብቷል ማለት አይደለም። አፑ የራሱ ጊዜያዊ ማከማቻ አለው፣ እንደ ሴቲንጋችሁ ከጊዜ በኋላ ያጸዳዋል። ሜሴጁ እስካለ ድረስ እንደገና ማውረድ ትችላላችሁ፤ የላከው ሰው ሜሴጁን ለሁለታችሁም ካጠፋው ግን አበቃ። የሚያስፈልጋችሁን ፋይል ወደ ዳውንሎድ አስቀምጡት ወይም ወደ ሴቭድ ሜሴጅስ ላኩት።

ጉግል ፎቶስ ላይ አልበም ታግ ነው፤ አንዱ ፎቶ በአሥር አልበም ውስጥ ቢሆን ቦታ አይጨምርም፣ አልበሙን ማጥፋት ፎቶውን አያጠፋም። አይፎን ላይም እንደዚያው፤ ፎቶውን ራሱን ከላይብረሪው ካጠፋችሁት ግን ከሁሉም አልበም ይወጣል። አንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ይዘውት የሚመጡት ጋለሪ ላይ ግን አልበም ማለት እውነተኛ ፎልደር ነው። ፎቶ ስትጨምሩ «ኮፒ ወይስ ሙቭ» ብሎ ከጠየቃችሁ ፎልደር መሆኑን ዕወቁ፤ ያንን አልበም ማጥፋት ውስጡ ያለውንም ይዞ ይሄዳል። አንድ ወዳጃችን አልበሙን «ለማጽዳት» ብሎ የወንድሙን የሰርግ ፎቶ ያጠፋው በዚህ ነው። ሪሳይክል ቢን ውስጥ ተገኘለት፣ ዕድለኛ ነው።

ለሌሎች ፋይሎች፣ አይፎን ላይ ፋይልስ የተባለው አፕ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የቀለም ታግ አለው። አንድሮይድ ላይ ግን ለፋይል ሁሉ የሚያገለግል ታግ የለም፤ የጉግል ፋይልስ አፕ ኮከብ ማድረግ ያስችላል፣ ያ ደግሞ አንድ ታግ ብቻ ማለት ነው። ስለዚህ አንድሮይድ የያዘ ሰው ታግ ከፈለገ የሚያደርገው ፋይሉ ስም ላይ ነው። ወደ ስም እንምጣ።

የአማርኛው ጣጣ

«ሰርች አደርጋለሁ፣ ምን አለፋኝ» የሚል ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ስቲቭ ዊታከርና የአይቢኤም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የ345 ሰዎችን ከ85 ሺህ በላይ የኢሜይል ፍለጋዎች ተከታትለው፣ ኢሜይላቸውን በፎልደር የሚያደራጁት ሰርች ከሚያደርጉት ይበልጥ ጊዜ እንደሚወስድባቸው አይተዋል። ግን ያ ኢሜይል ነው፤ ውስጡ ጽሑፍ አለ፣ የላኪ ስም አለ፣ ርዕስ አለ። እኛ የምንፈልገው ብዙ ጊዜ ስሙ ቁጥር የሆነ ፎቶ ነው። ቋንቋችን ደግሞ ለፍለጋ የራሱ ወጥመድ አለው።

መጀመሪያ ሞክሼ ፊደላቱ። እኛ ስናነብ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዳቸው የተለያየ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሁሉም በየራሳቸው ቁጥር ነው የገቡት፣ መግባትም ነበረባቸው። ታዲያ #ሥራ እና #ስራ ሁለት የተለያዩ ታጎች ናቸው። ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው ከጻፋችሁ ግማሹ ፋይላችሁ ከግማሹ ጋር አይተዋወቅም። «ኃይለሥላሴ» የሚለውን ስም በ«ኃ» ፋንታ ሃ፣ ሀ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፤ በ«ሥ» ፋንታ ስ፤ በ«ሴ» ፋንታ ሤ ብላችሁ ብታባዙት 24 አጻጻፍ ይወጣል። ሰው ሁሉንም አይጽፍም፣ ግን አራት አምስቱን በደንብ አይተናል። አንዳንድ አፖች ይህን አስበው አንድ ያደርጉታል፣ የስልካችሁ የፋይል ፍለጋ ግን ያደርጋል ብላችሁ አትመኑ።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ፊደላችን አናባቢውን በራሱ ውስጥ ይዞ ስለሚለወጥ፣ ቃሉ ላይ ትንሽ ሲጨመር የመጨረሻው ፊደል ሌላ ይሆናል። «ደረሰኝ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ደረሰኙ» እና «ደረሰኞች» አይመጡም፤ ኝ፣ ኙ እና ኞ ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። «ውል» ብላችሁ «ውሉ» አይገኝም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፦ የመጨረሻውን ፊደል ቁረጡት። «ደረሰ» ብላችሁ ፈልጉ፣ ሁሉም ይመጣል። ከፊት የሚለጠፉት የ፣ ለ፣ በ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ቴሌግራምን ጨምሮ ከቃል መጀመሪያ የሚፈልግ አፕ ላይ «ደረሰ» ስትሉ «የደረሰኝ» አይመጣም። ለዚህ ነው ታግና የፋይል ስም ላይ ቃሉን ራቁቱን መጻፍ የሚሻለው፦ ኪራይ፣ ውል፣ ደረሰኝ። «የኪራዩ ደረሰኝ» አትበሉ። በንግግር ያምራል፣ ለፍለጋ አይሆንም።

ሦስተኛው በላቲን ፊደል አማርኛ የምንጽፈው ነገር ነው። በዚያ «ውል» የሚለው ቃል ብቻ አራት ዓይነት ይጻፋል። እዚህ ላይ ምክር የለንም፤ አንዱን ፊደል ምረጡና እሱ ላይ ጽኑ።

ከዚያ ቀኑ አለ። ፋይሎች በስም ሲደረደሩ በፊደል ተራ ነው የሚሄዱት፣ ስለዚህ በወር ስም ከጀመራችሁ ሐምሌ ከመስከረም በፊት ይቀመጣል፣ ሐ ከመ ትቀድማለችና። ጥር ደግሞ ከየካቲት በኋላ ይመጣል። ቀኑን በቁጥር ጻፉት፣ ከዓመት ጀምራችሁ፦ 2017-11-03። ይህ ሐምሌ 3 ነው። በተራ ይሰለፋል። እኛ በለመድነው 3/11/2017 መጻፍ ግን አይቻልም፤ ያቺን ጋድም መስመር አንድሮይድ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበላትም፣ ፎልደር መለያ ናትና።

ካሌንደሩ ራሱስ? ስልካችሁ ፎቶ ሲያነሳ የሚሰጠው ስም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሐምሌ 3 ቀን 2017 የተነሳው ፎቶ ስሙ ላይ 20250710 ይላል። እናንተ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጻፋችሁ ሁለቱ ተቀላቅለው የሰባት ስምንት ዓመት ገደል ይፈጠራል፦ «2017» ያላችሁት አምና ነው ወይስ የሃይስኩል ዘመናችሁ? እኛ የተስማማንበት ለኪራይ፣ ለውልና ለመንግሥት ጉዳይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈን መጨረሻው ላይ «ዓም» መጨመር ነው። ውጭ አገር ለሚላክ ማመልከቻ ደግሞ በፈረንጁ። ፋይሉ ማንም ጋ ቢደርስ አያምታታም።

የስሙ ርዝመትም ገደብ አለው። አንድሮይድ ላይ አንድ የፋይል ስም 255 ባይት ነው የሚይዘው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 85 ፊደል ገደማ ነው ያላችሁ፣ በላቲን የሚጽፍ ሰው ካለው አንድ ሦስተኛ። ለሰው ልጅ ይበቃል። ሌላ ችግር ግን አለ፦ ለሥራ ወይም ለስኮላርሺፕ ስታመለክቱ አንዳንድ ድረ ገጾች የአማርኛ ስም ያለውን ፋይል አይቀበሉም፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ስሙ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ሆኖ ይታያል። ለውጭ የሚላከውን በላቲን ፊደል ሰይሙት፤ ስማችሁን ፓስፖርታችሁ ላይ ባለው አጻጻፍ።

እኛ ምን እያደረግን ነው

ሁለቱንም ቀላቅለናል። ምርጡ መንገድ ይህ ነው አንልም፣ ግን ከስድስት ወር በላይ ሳይፈርስ የቆየልን ይህ ነው።

ፎልደር ለማይለዋወጡት ነገሮች፣ ጥቂት ብቻ። መታወቂያ፣ ትምህርት፣ ቤት፣ ሥራ፣ ጤና። አምስት ናቸው፤ ስድስተኛ ካስፈለጋችሁ ጨምሩ፣ አሥራ አምስት ከሆኑ ግን «የት ነበር ያስገባሁት?» ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ፎልደር ውስጥ ፎልደር እንዲያውም አታብዙ፤ ስልክ ስክሪን ላይ ሦስት ደረጃ ወደ ውስጥ መግባት አሰልቺ ነው። እነዚህ ፎልደሮች ስልኩ ላይም ክላውድ ላይም በአንድ ስም ይኑሩ።

ታግ ደግሞ ለሚጎርፈው ነገር፣ በሴቭድ ሜሴጅስ፣ በሃሽታግ። ታጎቹን አንድ ሜሴጅ ላይ ዘርዝረን ፒን አድርገናል፤ አዲስ ታግ ከመፍጠራችን በፊት ዝርዝሩን እናያለን። #ኪራይ ካለ #የቤት_ኪራይ አይፈጠርም። ዝርዝሩ 12 ቃል ነው። እንዲህ ባናደርግ ኖሮ በወሩ 60 ይሆን ነበር፣ አንዴ ሆኖብን ስለሚያውቅ ነው።

ስክሪንሾትን በተመለከተ እውነቱን እንናገር፤ ማንም አራት ሺህ ስክሪንሾት አያደራጅም። እንዳትሞክሩት፣ ሁለት ሰዓት ሠርታችሁ ትተዉታላችሁ። የድሮውን ባለበት ተዉትና ከዛሬ ጀምራችሁ ገንዘብና ሕግ የነካውን ብቻ ለዩ፦ ደረሰኝ፣ ውል፣ የማመልከቻ ቁጥር፣ የቀጠሮ ወረቀት። ባነሳችሁበት ቅጽበት፣ ከዚያው ስክሪን ሳትወጡ፣ ሼር ብላችሁ ታግ ጨምራችሁ ወደ ራሳችሁ ላኩት። ዘጠኝ ሰከንድ ፈጅቶብናል፣ ቆጥረናል። ማታ አደርገዋለሁ ያላችሁት ግን አይደረግም።

የሰነድ ፎቶ ስትልኩ «እንደ ፋይል» በሚለው ላኩት። ቴሌግራም ፎቶን በተራው መንገድ ስትልኩት ያሳንሰዋል፣ ማኅተሙ ላይ ያለው ጽሑፍ ይደበዝዛል፣ በኋላ «የማይነበብ ነው» ተብሎ ይመለስባችኋል።

ልጅቷ አሁን በየወሩ ደረሰኙን «2018-02-01ዓም ኪራይ ደረሰኝ ጥቅምት» እያለች ትሰይመዋለች፣ «ቤት» የሚለው ፎልደር ውስጥ። ቀኑ ይደረድረዋል፣ ፎልደሩ ቦታ ይሰጠዋል፣ ቃላቱ ታግ ሆነው ያገለግላሉ። ስሙን መቀየር ብቻ ነው የጨመረችው ሥራ። አከራይዋም በነገራችን ላይ ደረሰኙን ሲያዩ «ልጄ ሳይነግረኝ ነው» ብለው ይቅርታ ጠይቀዋታል፣ ቡና አፍልተው።

የተደራጀ ስልክ ለሌባም ይመቸዋል

ይህን ካላነሳን ጎዶሎ ይሆናል። «መታወቂያ» የሚል ፎልደር ስልኩን ላገኘ ሰው ሁሉ ግልጽ ነው። ቢያንስ ስክሪን ሎክ ይኑረው፤ ቴሌግራም ላይ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሩ፣ ሲም ካርዳችሁ ሌላ እጅ ቢገባ ኮዱ ብቻውን እንዳይበቃ። ዲቫይስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ አስወጡት። የድሮ መሥሪያ ቤታችሁ ኮምፒውተር ላይ ክፍት የተተወ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጃችሁን በሙሉ ያሳያል።

ሌላው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ፕሪንት ለማድረግ ፓስፖርታችንን፣ ዲግሪያችንን ወደ ቤቱ ቴሌግራም እንልካለን፣ አሥር ብር ከፍለን እንወጣለን፤ ፋይሉ ግን እዚያው ይቀራል። ከወጣ በኋላ ለሁለቱም ወገን አጥፉት። ይህ ቻቱን ነው የሚያጸዳው፤ ኮምፒውተሩ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ የወረደውን አይነካም። እሱን ልጁ ፊታችሁ እንዲያጠፋው ጠይቁት፣ ሪሳይክል ቢኑንም ጭምር። አብዛኞቹ ምንም አይሉም፣ ያጠፋሉ።